የሞላው 297

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት አለችን። መጻሕፍቱን በራሳችን ዘዴ ነው የደረደርነው፤ የሐረር ታሪክ በሩ አጠገብ ነው። አሁን "በዲዊ ቁጥር ይሁን" ተባልን፤ መጻሕፍትን በየርዕሰ ጉዳያቸው በቁጥር የሚመድብ ዘዴ ነው። ሁሉን ላፍርሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ ኧረ አታፍርሺው! ቁጥሩን ለጥፊበት፤ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። መደርደሪያው ግን እዚያው በሩ ጋ ይቆይ፤ ልጆቹ ለምደውታል።

የሚያስቸግርሽ 297 ነው። ዲዊ ለክርስትና ከ220 እስከ 280ዎቹ ሲሰጥ፣ እስልምናን በዚህ አንድ ቁጥር አጭቆታል። ሐረር ላይ እንዴት ይበቃል? ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ሳትሰስቺ ተጠቀሚባቸው፤ ቁርዓን ለምሳሌ 297.122 ነው።

ደራሲውንም በራሱ ስም መዝግቢ እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። እኔ ሥራ ስጀምር ካርዶቹን በአባት ስም ጽፌ፣ አንባቢ የፈለገውን አጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ። ሁሉንም እንደገና ጻፍኳቸው።