የአንባቢያን ጥያቄ፦ በሁዳዴ ጃፓን መሄድ ይቻላል?

በዚህ ሰሞን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ጃፓን የቡድን ጉዞ ናቸው። አቋሜን ከጅምሩ ልንገራችሁ። ጃፓን ውስጥ ለባቡር ሲባል አስጎብኚ መቅጠር አያስፈልግም፤ ባቡሩ ሰዓቱን ያከብራል፣ ምልክቱም በእንግሊዝኛ ጭምር ተጽፏል። አስጎብኚ የሚያስፈልገው ሾርባው ውስጥ ምን እንደገባ ለመጠየቅ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ማደሪያ ለማስያዝና የሚያዩት ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ነው። ገንዘባችሁን ለዚያ አውሉት። ከታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በእኛ ናቸው።

"የአንድ ማኅበር አባላት ዘጠኝ ነን። የቼሪ አበባ ለማየት ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ልንሄድ አስበናል። ፕሮግራሙ በ10 ቀን 7 ከተማ ያሳያል፦ ቶኪዮ፣ ሃኮኔ፣ ካናዛዋ፣ ኪዮቶ፣ ናራ፣ ሂሮሺማ፣ ኦሳካ። ዋጋው አይከፋም። እንፈርም?" (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔ ብሆን አልፈርምም። መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩት። ከአሜሪካ ዛሬ ተነስታችሁ የምትደርሱት ነገ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ የመመለሻ ነው። ስለዚህ 7ቱ ከተማ የሚታየው በ8 ቀን ነው። ሆቴል በቀየራችሁ ቁጥር ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ሻንጣ ማሰር አለ፣ ሎቢ ላይ መሰብሰብ አለ፣ የዘገየውን ሰው መጠበቅ አለ፣ አዲሱ ሆቴል ስትደርሱ ደግሞ ክፍል የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። እንዲህ ተሯሩጦ የተመለሰ ሰው ፎቶ እንጂ ጃፓንን አላየም።

ደግሞ ሰባቱም ማደሪያ አይፈልጉም። ናራ ከኪዮቶ በባቡር ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ኦሳካማ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከቶኪዮ ኪዮቶ ራሱ በፈጣኑ ባቡር፣ በሺንካንሰን፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ቶኪዮ ሦስት ወይም አራት ሌሊት፣ ኪዮቶ አራት ሌሊት፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ተራራ ላይ ካለ ቤተ መቅደስ (ወደ እሱ እመጣለሁ)። ዘጠኝ ሰው ከሆናችሁ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አውጡልን ብላችሁ ለመጠየቅ በቂ ናችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።

ከመፈረማችሁ በፊት የቡድኑን ብዛት ጠይቁ። 15 ሰው አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። 40 ሰው በአውቶቡስ ከሆነ ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች አያስገቧችሁም፣ ቦታ የላቸውም። ስለ አስጎብኚውም ጠይቁ። ጃፓን ውስጥ በመንግሥት ፈተና የሚገኝ የአስጎብኚና አስተርጓሚ ፈቃድ አለ፤ ከ2018 ጀምሮ ግን ያለዚያ ፈቃድም በክፍያ ማስጎብኘት ይቻላል፣ ስለዚህ ሰውየው ፈቃድ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ስለ ቲፕም አንሱ። ጃፓን ውስጥ ቲፕ የሚባል ነገር አልተለመደም፤ አንዳንድ የውጭ ድርጅቶች ግን ለአስጎብኚው ብለው መጨረሻ ላይ ይጠይቃሉ። ይህን ቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙት።

ትልልቅ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ባቡር ላይ አትታገሉ። ከሆቴሉ ሆናችሁ ወደ ሚቀጥለው ሆቴል የምትልኩበት ታክዩቢን የሚባል አገልግሎት አለ፤ ቶኪዮ የሰጣችሁት ሻንጣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ኪዮቶ ይጠብቃችኋል። የአንድ ሌሊት ልብስ በትንሽ ቦርሳ መያዝ ብቻ ነው።

"ሁዳዴን ከነሰዓቱ ነው የምጾመው፣ ዓሣም አልበላም። ድርጅቱ 'ቬጀቴሪያን ምግብ አለ' ብሎኛል። ይበቃኛል?" (ከፍራንክፈርት)

አይበቃሽም እህቴ። ጥያቄሽ ግን ወቅቱን ጠብቆ የመጣ ነው፤ ምክንያቱም ቶኪዮና ኪዮቶ ላይ ቼሪው የሚያብበው ብዙ ጊዜ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሁልጊዜም ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ዳሺ ነው። ዳሺ የጃፓን ወጥ ሁሉ መሠረት የሆነ መረቅ ነው። በብዛት የሚሠራው ካትሱኦቡሺ ከሚባል ዓሣ ነው። ዓሣውን ቀቅለው፣ በጭስ አድርቀው፣ እንደ እንጨት እስኪጠነክር ያቆዩታል። ሁለቱን ብታጋጪው ኳ ይላል። ከዚያ ምላጩ ወደ ላይ በዞረ የእንጨት መላጊያ ይልጉታል፤ የሚወጣው ፍቅፋቂ ሮዝማ ቡናማ ነው፣ እጅግ ከመሳሳቱ የተነሳ ትኩስ ምግብ ላይ ሲነሰንሱት በእንፋሎቱ ይንቀጠቀጣል። ይህን ፍቅፋቂ የፈላ ውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ነክረው ያጠልሉታል። ዓሣው ይጣላል፣ መረቁ ይቀራል። እንግዲህ ያ መረቅ ሚሶ የሚባለው የአኩሪ አተር ሾርባ ውስጥ አለ፣ ሶባና ኡዶን የሚባሉት ኑድሎች መረቅ ውስጥ አለ፣ ተቀቅሎ የሚቀርበው ጎመን ላይ እንኳ አለ። አስተናጋጇን "ዓሣ አለው?" ብትያት "የለውም" ትልሻለች፤ አትዋሽም፣ ሳህኑ ላይ ዓሣ የለማ። አስጎብኚው ሊጠይቅልሽ የሚገባው "ዳሺው ከምን ተሠራ?" ብሎ ነው። ከኮንቡ ማለትም ከባሕር አረም ወይም ከደረቅ እንጉዳይ ከሆነ ብይ። ራመን የሚባለው ኑድል መረቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአሳማ አጥንት ነው፤ እሱን በፍስክም ቢሆን ጠይቂ።

መፍትሔው ኮያሳን ነው። ከኦሳካ በስተደቡብ፣ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የገዳም ከተማ ነው። በ816 ኩካይ የሚባል መነኩሴ የመሠረተው ሲሆን ከ2004 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ውስጥ ተመዝግቧል። 50 ያህል ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ። የሚያበሉት ሾጂን ርዮሪ ይባላል፤ ሥጋ የለው፣ ዓሣ የለው፣ እንቁላል የለው፣ ዳሺውም ከኮንቡና ከእንጉዳይ ነው። በትንንሽ ቀይ የእግር ገበታ ላይ ደርድረው ያቀርቡልሻል፦ ከተፈጨ ሰሊጥ የተሠራ ለስላሳ አይብ መሰል ቶፉ፣ በብርድ ደርቆ መረቅ የመጠጠ የአኩሪ አተር ቶፉ፣ የተጠበሰ አትክልት፣ ሩዝ፣ ሾርባ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። ለእኛ ምላስ አልጫ ይሆናል፤ ሺቺሚ የሚባለውን በርበሬ ያለበት ቅመም ከሱቅ ገዝተሽ ያዥ።

ከነሰዓቱ ለሚጾም ሰው ደግሞ እጅግ ይመቻል። እራቱ ብዙ ቦታ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ይቀርባል፤ ቁርሱን ብቻ "ይቅርብኝ" ብለሽ ቀድመሽ አስነግሪ። የጠዋቱ የመነኮሳት ጸሎት 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በአብዛኛው እንግዳ የሚገባው ከፈለገ ነው። ቤተ መቅደስ ማደሩ ልብሽን ካላሳረፈው ከመክፈልሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ኦኩኖኢን እንዳያመልጥሽ። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ በትልልቅ ዝግባ ዛፎች መሐል የሚያልፍ የመቃብር መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ ከ200 ሺህ በላይ መቃብር ነው። መጨረሻው ላይ የኩካይ መቃብር አለ። አማኞቹ አልሞተም፣ በተመስጦ ላይ ነው ይላሉ፤ ስለዚህ በየቀኑ ንጋት ላይና ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መነኮሳቱ ምግቡን በእንጨት ሣጥን ተሸክመው ይወስዱለታል። ድንጋዩ ላይ ቆመሽ ያንን ሰልፍ ማየት ከአሥር የገበያ ጉብኝት ይበልጣል፣ ብዙ ቡድኖች ግን ኮያሳንን ከነጭራሹ አያካትቱም።

ቼሪው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካላልሽ ግን ኅዳር መጀመሪያ ሂጂ። ቅጠሉ መቅላት ይጀምራል፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 እስኪገባም ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነው የምትጠነቀቂው።

"እናቴን ይዤ ከቡድን ጋር ልሄድ ነው። ፍል ውኃ በጣም ትወዳለች። ግንባሯና አንገቷ ላይ የድሮ ንቅሳት አለባት። ጃፓኖች ንቅሳት አይወዱም የሚባለው እውነት ነው?" (ከዳላስ)

እውነት ነው፣ ማንሳትዎም ጥሩ ነው። ንቅሳት ጃፓን ውስጥ ከወሮበላ ቡድኖች ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ብዙ የሕዝብ ፍል ውኃዎች የተነቀሰ ሰው አያስገቡም። የባህል ንቅሳት ነው ማለት ሁልጊዜ አያድንም፤ በ2013 ሆካይዶ ውስጥ ፊታቸው ላይ ባህላዊ ንቅሳት ያለባቸው የማኦሪ (የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ) ሴት ከፍል ውኃ ተመልሰዋል። እናትዎ በር ላይ ቆመው እንዲህ ዓይነት ነገር እንዲሰሙ አልፈልግም።

ስለዚህ ድርጅቱን ለቤተሰብ ብቻ በሰዓት የሚከራይ መታጠቢያ፣ ካሺኪሪ የሚሉትን፣ ወይም ክፍሉ ውስጥ የራሱ ፍል ውኃ ያለው ማደሪያ እንዲይዝልዎ ይጠይቁ። ለእናትዎም ይሻላል፤ የሕዝቡ መታጠቢያ ሴትና ወንድ የተለየ ቢሆንም ያለ ምንም ልብስ ነው የሚገባው። የትም ቢገቡ ግን መጀመሪያ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳሙና ታጥቦ፣ ተለቃልቆ ነው ወደ ገንዳው የሚገባው። በቀን ብዙ እርምጃና ብዙ ደረጃ ስላለም ማረፊያ የሌለው ፕሮግራም ላይ እናትዎን አያስመዝግቡ።

"ኪዮቶ ያለው የወርቁ ቤተ መቅደስ በ1955 የተሠራ ነው ብለው ነገሩኝ። ታዲያ ምኑ ነው ቅርስ?" (ከአዲስ አበባ)

የነገሩህ ልክ ነው። ኪንካኩጂን በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጠለው፣ በ1955 እንደገና ተሠራ። ላሊበላን ከአለት ተፈልፍሎ ላየ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። የጃፓን ቅርስ ግን እንጨት ነው፤ ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል። የኢሴ መቅደስን በየ20 ዓመቱ ከአጠገቡ ባለው ቦታ ላይ አዲስ አድርገው ይሠሩታል። በ2013 የተሠራው 62ኛው ነው፣ ቀጣዩ በ2033 ነው። በዚህ መሐል አሮጌው አናጺ ለወጣቱ ሙያውን ያስተላልፋል፤ የሚጠብቁት ያንን ሙያ ነው።

ጥንታዊውን እንጨት ራሱን ማየት ከፈለግህ ናራ አጠገብ ሆርዩጂ አለ። በዓለም ላይ ቆመው ካሉ የእንጨት ሕንጻዎች ሁሉ ቀደምት የሚባሉት እዚያ ናቸው፣ ከ1,300 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አላቸው። ምሰሶዎቹን ተጠግተህ እያቸው፦ መሐላቸው ላይ በትንሹ ወፈር ይላሉ፣ የበሰበሰው ክፍል እየተቆረጠ በአዲስ እንጨት የተተካበት ቦታም በግልጽ ይታያል። የቡድን ጉዞዎች ናራ ሲደርሱ አጋዘን አብልተው ይመለሳሉ። ግማሽ ቀን ለሆርዩጂ ጠይቅ።

"በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የምሄደው። ቪዛው እንዴት ነው? አበበ ቢቂላ የሮጠበትንስ ማየት ይቻላል?" (ከሐዋሳ)

ቪዛ ያስፈልግሃል፣ አዲስ አበባ ባለው የጃፓን ኤምባሲ ታመለክታለህ። (አሜሪካ ላላችሁ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት ለ90 ቀን ያስገባል፤ ግሪን ካርድ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር ግን ቪዛ ይጠይቃል።) ቪዛው ካልተሰጠህ ድርጅቱ ስንት እንደሚመልስልህ በጽሑፍ ሳታገኝ ሙሉውን አትክፈል።

አበበ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን የሮጠው ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ነው፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ። የገባበት ስታዲየም ፈርሶ በቦታው አዲስ ቆሟል። የሮጠበት መንገድ፣ ኮሹ ካይዶ፣ ግን ዛሬም አለ፤ ዞሮ የተመለሰበት ቦታ ቾፉ ውስጥ በሐውልት ምልክት ተደርጎበታል። ቡድኑ አይወስድህም። ነጻ ከሰዓት ስታገኝ ቶኪዮ ካለው ከሺንጁኩ ጣቢያ የኬዮን ባቡር ይዘህ ቶቢታክዩ ጣቢያ ውረድ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ በእግር ትደርሳለህ።