መንጋጋው ስር ያበጠ በግ፦ እጢ ነው ብለሽ እንዳታስበጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አነበብኩት። ለትንሳኤ ብለሽ ሦስት በግ ቀደም ብለሽ ገዛሽ። ግንፍሌ ወንዝ ዳር ሣር እያስጋጥሽ አቆየሻቸው። በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የአንዱ መንጋጋ ስር አበጠ፣ ከሳ፣ ፀጉሩ ተንጨባረረ። አንዱ ጎረቤት «እጢ ነው፣ ይበጣ» አለሽ። ሌላው «ቴትራሳይክሊን በእንጀራ ጠቅልለሽ አጉርሺው» አለሽ። አንቺም የቱን ልስማ አልሽ።

ሁለቱንም አትስሚ።

ሐኪም አይደለሁም። አራት ኪሎ ጀርባ እናቴ ግቢ ውስጥ አራት አምስት በግና ፍየል ሳጣ አላውቅም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። የምጽፍልሽ ሁሉ ዋጋ የከፈልኩበት ነው።

መጀመሪያ እብጠቱን ትተሽ ዓይኑን እዪ። በጉን አንድ ሰው ይያዝልሽና የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣትሽ ገልብጪው። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ደህና ነው። ገርጥቶ እንደ ወረቀት ከነጣ ግን በጉ ደም የለውም። ከዚያ እብጠቱን በጣትሽ ጫን አድርጊው። ለስለስ ብሎ ጣትሽ የነካበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ውስጡ ያለው ውሃ ነው። ሌላም ምልክት አለው። ቀን ሲግጥ ውሎ ማታ ያብጣል፣ አድሮ ጠዋት ጎደል ይላል። ደሙ ሲሳሳ ውሃ ከደም ስር ይወጣል፤ በጉ አንገቱን ደፍቶ ስለሚውል ውሃው ወርዶ መንጋጋው ስር ይጠራቀማል። ብትበጪው ቁስል ታተርፊያለሽ እንጂ አይድንም። በእርግጥ መግል የያዘ እውነተኛ እጢም አለ፤ እሱ ግን ጠንከር ይላል፣ ሲመሽና ሲነጋ አይለዋወጥም።

ደሙን ማን ጨረሰው? ሁለት ተጠርጣሪ አለ።

አንደኛው ጨጓራ ውስጥ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ቀጭን ትል ነው። ሴቷ በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከበጠጡ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ እጩ ይፈለፈላል፣ በግ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። በሦስት ሳምንት ገደማ እሱም በተራው እንቁላል ይጥላል። ጠባብ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚግጥ የከተማ በግ እንዴት እንደሚያልቅ ከዚህ ገምቺ።

ሁለተኛው የጉበት ትል ነው። ለዱለት ጉበት ስትከትፊ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ብቅ ብሎብሽ ያውቃል? እሱ ነው። ይሄ ትል ያለ ውሃ ዳር ቀንድ አውጣ መኖር አይችልም። ከትንሿ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ረግረግ ላይ ያለ ሣር ላይ ይጣበቃል። የወንዝ ዳሩ ሣር ለምለም ነው ብለሽ ደስ አለሽ አይደል? እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

መድኃኒቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጎረቤትሽ ያለሽ ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ትል አይገድልም። አይቨርሜክቲን መርፌ ለሁሉም ነገር የሚወጉ አሉ። ለእከክና ለጨጓራ ትል ይሠራል፤ የጉበት ትልን ግን አይነካም። አልቤንዳዞል የጨጓራውን ይገድላል። ለጉበት ትል መጠኑ ከፍ ማለት አለበት፣ ያኔም የሚገድለው ያደገውን ብቻ ነው። ገና ጉበቱን እየቦረቦረ ያለውን ጨቅላ ትል የሚያገኘው ትሪክላቤንዳዞል ነው። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ትኩስ በጠጥ በፌስታል ቋጥረሽ በጉን ይዘሽ እንስሳት ክሊኒክ ሂጂ። በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ክብደቱንም በዓይን ግምት አትናገሪ፤ ግማሽ መጠን የቀመሰ ትል ሌላ ጊዜ በሙሉውም ላይሞት ይችላል። ፈሳሽ ስታጠጪው ደግሞ አንገቱን ወደ ሰማይ አታቅኚው፣ ሳንባው ይገባል። በዚህ የሞተ በግ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ይሄ በግ ለትንሳኤ አይደርስም። መድኃኒት የወሰደ እንስሳ እስኪታረድ የሚጠበቅለት ቀን አለ፣ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ትሪክላቤንዳዞል ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈልጋል። አይቨርሜክቲንም ከወር በላይ የሚሉት አሉ። ደም ያጣ በግ ሥጋውም ውሃ ውሃ ነው የሚለው። አክሚው፣ ዕድሜ ተጨመረለት። ለበዓሉ ከተረፉት አንዱን እረጂ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ግቢ።

ሌላ ያልጠየቅሽኝ ነገር፣ ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው። ሦስቱም ከአንድ ሰው ነው የተገዙት? አንድ ዓመት ለገና ሰሞን ሁለት ፍየል ከገበያ አምጥቼ በዚያው ቀን ቤት ካሉት ጋር ቀላቀልኩ። በሳምንት ውስጥ ዓይናቸው አለቀሰ፣ አፍንጫቸው ዘጋ፣ አፋቸው ውስጥ ቆሰለ፣ ከዚያ ተቅማጥ። መድኃኒት ሻጩ «ጉንፋን ነው» ብሎ መርፌ ሸጠልኝ። በዘጠኝ ቀን አራቱ ሞቱ። ኋላ ያየልኝ ሐኪም የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው አለኝ። ስሙ አይገርምም? በ1880ዎቹ በክፉ ቀን ከብቱን የጨረሰው የከብት ደስታ ዘመድ ነው። የከብቱ በ2003 ዓ.ም ከምድር መጥፋቱ ታወጀ፤ ይሄኛው ግን አለ። ቫይረስ ስለሆነ የሚያድን መርፌ የለውም። ክትባት ግን አለው፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይሠራዋል፣ አንዴ ተከትቦ ሦስት ዓመት ገደማ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ አዲስ የገባ እንስሳ ሦስት ሳምንት ለብቻው ታስሮ ካላየሁት አልቀላቅልም። ግቢው ጠባብ ነው ይሉኛል። ጠባብ ስለሆነ እኮ ነው።

ውሻም አለን ብለሻል። የታረደ በግ ጭንቅላት እንዳትሰጪው። እኛ ግቢ አንዱ በግ አንገቱን አጣሞ በአንድ ወገን ብቻ መዞር ጀመረ። ሰፈሩ «ቡዳ በልቶት ነው» አለ። ስናርደው አንጎሉ ውስጥ የእንቁላል ያህል ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኘ። አዙሪት ይሉታል። ውሻው ያንን አንጎል ሲበላ ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉን በኩሱ ሣር ላይ ይረጨዋል፣ በጉ ይግጠዋል። በየበዓሉ ጭንቅላቱን ለዚያው ለግቢያችን ውሻ የምወረውረው እኔው ነበርኩ። ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ደግሞ የሌላ የውሻ ትል ነው፣ እሱ ሰውንም ይይዛል። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን ቅበሪው ወይም አቃጥይው። ውሻው በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ይዋጥ።

የላክሽው የበጉ ፎቶ ላይ ጆሮው ጫፍ የተቀረፈ መሰለኝ፤ እከክ ሊሆን ይችላል። ክሊኒክ ስትሄጂ አብረሽ አሳይው። ግቢ ውስጥ የሚበር ፌስታል ልቀሚ፤ በግ ጨው ያለበትን ፌስታል ከሣር ለይቶ አይተውም፣ ከዋጠው አይወጣም። አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ፦ ደህና የነበረ በግ ድንገት ሞቶ ካፍንጫው ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አትገፍፊው፣ አትክፈቺው፣ «ሳይበላሽ እንብላው» የሚል ሰው ቢመጣም አትስሚው። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ለሐኪም ደውዪ።

ለዛሬ ግን ከወንዝ ዳር አውጫቸው። ድርቆሽና ትንሽ ፍሩሽካ ይብሉ፤ ፍሩሽካውን በአንዴ አታብዢው፣ ሆዳቸውን ይነፋል። የሌሎቹን ሁለቱንም ዓይን ሽፋን ገልብጪና ቀለሙን ጻፊልኝ።