ግሪን ካርድ ይዤ ለዲሲ ምክር ቤት መወዳደር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዋርድ 4 በሚባለው የምርጫ ክልል ነው የምኖረው። በዲቪ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ሲቲዝን ግን ገና አልሆንኩም። ዜጋ ያልሆነ ሰውም መምረጥና መመረጥ ይችላል ሲባል ሰማሁ። ለከተማው ምክር ቤት ብወዳደር ችግር አለው?

መልስ፦ የሰሙት ተራ ወሬ አይደለም። እጩ ለመሆን በዲሲ የመምረጥ መብት ሊኖርዎት፣ ከምርጫው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በከተማው መኖርና አሁንም በሚወዳደሩበት ዋርድ ነዋሪ መሆን ይገባዎታል። በ2022 የወጣው የዲሲ ሕግ ዜግነት የሌላቸውን ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ መራጭ አደረጋቸው። እጩነቱም በዚያው በር ገባ።

በሩ ግን ሲንቀጠቀጥ ነው የኖረው። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉ እንዲሻር ከአንድ ጊዜ በላይ ድምፅ ሰጥቷል፤ በፍርድ ቤትም ክስ ቀርቦበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእርስዎ ወረቀት ነው። የመራጭነት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» በሚለው ሳጥን ምልክት ካደረጉ ከአገር እስከመባረር ሊያደርስዎት ይችላል። ለፕሬዚዳንት መምረጥማ አይታሰብም። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ለመምረጥ ተመዝግበው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል፤ የአካባቢ ምርጫንም ይጨምራል። ዜጋ ላልሆነ ሰው በተፈቀደ የአካባቢ ምርጫ ብቻ በሕጋዊ መንገድ መርጠው ከሆነ «አይ» ማለት እንደሚችሉ ቅጹ ራሱ ይናገራል። ሕጋዊ መሆኑን ማስረዳቱ ግን የእርስዎ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ዜግነቱን ያስቀድሙ ባይ ነኝ። አምስተኛው ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማመልከት ይቻላል። የዋርድ 4 መደበኛ ምርጫ ደግሞ በ2028 ነው፤ ይደርሱበታል።

እስከዚያ ሥራ አያጡም። ለፓርቲ ቅድመ ምርጫ 250 ፊርማ ያስፈልግዎታል። ፈራሚው በዋርድ 4 የተመዘገበ መራጭ፣ በዚያ ላይ የፓርቲዎ ሰው መሆን አለበት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቆመው ቢያስፈርሙ ብዙው ምእመን ከዲሲ ውጭ፣ ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ ሊሆን ይችላል። ተቀናቃኝዎ እያንዳንዷን ፊርማ መርምሮ ያስጥልብዎታል።

ገንዘብ ላይ ከተማው ያግዛል። ፌር ኤሌክሽንስ በሚባለው ፕሮግራም 150 የዲሲ ነዋሪዎች በድምሩ 5,000 ዶላር ካዋጡልዎ፣ ለእያንዳንዱ የነዋሪ ዶላር አምስት ይጨመርልዎታል። አዲስ አበባ ያሉት አጎትዎ «ላግዝህ» ቢሉ ግን አንዲት ሳንቲም አይቀበሉ። ከውጭ ዜጋ ለምርጫ ገንዘብ መቀበል፣ የሰፈር ምርጫም ቢሆን፣ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል።

የድምፅ አሰጣጡም ተለውጧል። በ2024 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ኢኒሼቲቭ 83 የተባለው ሕግ መራጩ እስከ አምስት እጩዎችን በቅደም ተከተል እንዲመርጥ ፈቅዷል። «ባይሆን ሁለተኛ አድርጉኝ» ብሎ መለመን ከእንግዲህ ነውር የለውም።

አንዷን ልረሳት ነበር። ዲኤምቪ ሄደው መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ስለ መራጭነት ምዝገባ የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ አለ። ምን ብለው እንደሞሉ ካላስታወሱ፣ ኤን-400 ከማስገባትዎ በፊት የምርጫ ቦርዱ መዝገብ ላይ ስምዎ እንዳለ ያጣሩ። ካለ፣ ወረቀቱን ይዘው መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ።