ቀይ ስር አጥንተሽ ባንክ ልትገቢ?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ተናድጄ ነው፤ በአንቺ ግን አይደለም።

የምግብ ሳይንስ ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽ የቀይ ስር ቀለም እርጎ ውስጥ እንዳይደበዝዝ በግራር ሙጫና ማልቶዴክስትሪን በሚባል ከስታርች በሚሠራ ነገር ሸፍኖ ዱቄት ማድረግ ነው። አጎትሽ ባንክ ሥራ አግኝተውልሻል። አባትሽ ደግሞ "ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ቀለም?" ብለዋል። አንቺም "እኔን ማን ይቀጥረኛል?" ትያለሽ።

እኔ ጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ለባንክ እንደማላደላ ቀድሜ ልንገርሽ። የገባሁ ሰሞን በቀይ ስር ያቀላነው ጭማቂ ከፋብሪካ ሲወጣ ያምር ነበር። ከሱቆች ሲመለስ ግን መስኮት ዳር የተደረደረው ጠርሙስ ሻይ መስሏል፣ ከኋላው የነበረው ገና ቀይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ዝም ብለን ተያየን። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው አልነበረንም። አንቺ ግን ቀይ ስርን የሚያቀላው ቤታኒን ብርሃን፣ ሙቀትና ኦክስጅን እንደማይችል ታውቂያለሽ።

አባትሽ ቀለም ይበሉት፤ ፋብሪካ የሚገዛሽ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ ስለምታውቂ ነው። ሲቪሽ ላይም እንደዚያ ጻፊው። ለአንድ ጥያቄ ግን ተዘጋጂ። ሙጫው ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ዱቄቱ ከረጢት ውስጥ እያለ ቀለሙን ከአየር ይጠብቃል፣ እርጎ ውስጥ ሲገባስ? ነገሩን የሚያውቅ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው። ገበያውም እየመጣልሽ ነው፤ አሜሪካ በፈረንጆቹ ጥር 2025 ቀይ ቁጥር 3 የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቀለም ከምግብ አግዳ ለአምራቾች እስከ ጥር 2027 ጊዜ ሰጥታለች። ሙጫው ደግሞ እዚሁ ቦረና ይለቀማል።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሽሽም። የፋብሪካ መነሻ ደሞዝ ከባንኩ ሊያንስ ይችላል፤ ዱከም ወይም ቢሾፍቱ ከሆነ ደግሞ ሰርቪስ ለመያዝ ሌሊት ነው የምትነሺው። የቤት ኪራዩ በአንቺ ትከሻ ላይ ከሆነ ባንኩን ያዢ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ግን እንደዚያ አላልሽኝም። ያልሽኝ "ያፍሩብኛል" ነው። አባትሽ ያስጨነቃቸው ዕድር ላይ "ልጅዎ የት ገባች?" ሲባሉ የሚመልሱት ማጣታቸው ነው። ለሁለት ደቂቃ ወሬ ብለሽ ሠላሳ ዓመት ገንዘብ ስትቆጥሪ ልትኖሪ ነው?

ዶክትሬቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፋብሪካ ግቢ። እንግሊዝኛሽ ይበቃል፤ ማሽን ክፍል ውስጥ የሚወራው አማርኛና ኦሮምኛ ነው። "27 ዓመቴ ነው፣ አርጅቻለሁ" ያልሽውን እንዳላነበብኩ ቁጠሪው።

ላብራቶሪው ሳይዘጋብሽ ግን አንድ ነገር አድርጊ። በአንድ ቀን ከተሠራ እርጎ አራት ብልቃጥ ሙዪ። ሁለቱን በተራ የቀይ ስር ጭማቂ፣ ሁለቱን በአንቺ ዱቄት አቅሊ። ከየዓይነቱ አንዱን በፎይል ጠቅልዪ፣ አንዱን ብርሃን ይምታው። በየሦስት ቀኑ ፎቶ አንሺና ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ከሲቪሽ ጋር ያዢው።