ቪዲዮው ሳይነኩት አይነሳ

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ላለ እንግዳ ማረፊያ 300 በ250 ፒክስል የሆነ የድረ ገጽ ማስታወቂያ ሠራሁ። ዩቲዩብ ላይ የጫንኩትን የሐይቁን ቪዲዮ በስክሪፕት (በአጭር ኮድ) አስገባሁበት። ገጹ ሲከፈት በራሱ እንዲጀምር ነበር ያሰብኩት። ኮምፒውተሬ ላይ አንዳንዴ ይጀምራል፤ ስልክ ላይ ግን ዝም ነው። ይባስ ብሎ ክሮም ላይ ማስታወቂያው ጠፍቶ ግራጫ ሳጥን ብቻ ይቀራል። ባለቤቱ «ብሬን መልስ» ሊለኝ ነው። ምን ይሻለኛል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የገጠመህ የብዙ ሰው ችግር ነው። ክሮም እንደ ፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ድምፅ ያለው ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ይከለክላል። ኮምፒውተር ላይ ግን ቪዲዮ አዘውትረህ የምታይበትን ገጽ ያልፍልሃል። ግራጫው ሳጥን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2020 ወዲህ ክሮም ተመልካቹ ያልነካው ማስታወቂያ ከ4 ሜጋባይት በላይ ዳታ ከሳበ ይነቅለዋል።

ደግሞም ልክ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ቆሞ ዜና ሊያነብ ስልኩን የከፈተ ሰው ሜጋባይቱን በገንዘቡ ገዝቶታል። ያንተ ቪዲዮ ሳይጠራ መጥቶ ጥቅሉን ቢጨርስበት ያንን ማረፊያ በምን ዓይኑ ያየዋል? እንግዳ ሊሆን የሚችል ሰው አስቀየምክ ማለት ነው። ለዚህ ነው ድምፁን አጥፍቶ ማስጀመር ቢቻልም የማልመክርህ።

መጀመሪያ የሚታየው ቀለል ያለ ፎቶ ይሁን፤ የጠዋቱን ሐይቅ ከነጀልባው ብታገኝ ግሩም ነው። መሃሉ ላይ የማጫወቻ ምልክት አድርግ። ስክሪፕትህ የዩቲዩቡን አይፍሬም (ማጫወቻውን ገጹ ውስጥ የሚያሳየውን ሳጥን) መፍጠር ያለበት ሰው ምልክቱን ሲነካ ብቻ ነው። ያኔ ከነድምፁ የመጀመር ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አንዳንድ ስልክ ላይ ግን ሁለተኛ ንክኪ ሊጠይቅ ይችላል። ክሮምም ተመልካቹ የነካውን አይነቅልም። አይፎን ላይ ቪዲዮው ሙሉ ስክሪኑን እንዳይወስድ «ፕሌይስኢንላይን» (playsinline) የሚለውን የማጫወቻውን ቅንብር 1 አድርገው።

መጠኑ ደህና ነው። የዩቲዩብ ማጫወቻ ከ200 በ200 ፒክስል ማነስ ስለሌለበት፣ ባለቤቱ 728 በ90 የሆነውን ቀጭኑን ቢጠይቅህ እሺ አትበል። ማጫወቻው ላይም ስልክ ቁጥርም ሆነ ሎጎ አትደርብ፤ ዩቲዩብ አይፈቅድም።

ማስታወቂያውን የሚያወጣልህ ድርጅት የውጭ ስክሪፕት ይቀበል እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ። ካልተቀበለ የማጫወቻ ምልክቱን አንሳና ፎቶውን ከቪዲዮው ጋር በሊንክ አገናኘው።