«ላስተምራት ነው ያመጣኋት»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ልጆችና ስለ ሥራ ናቸው።

ከጀሞ፦ የ10 ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ቢያጥብ የጉልበት ብዝበዛ ነው?
አይደለም። ይጠብ፤ ጥናትና ጨዋታ ግን አይቅርበት።

ከአያት አካባቢ ብሎኬት የሚያመርቱ አባት፦ የ16 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ክረምቱን አብሮኝ ሊሠራ ይፈልጋል።
በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በእረፍት ቀንና በበዓልም አይሠራም። ብሎኬት መሸከሙን ለአዋቂ ይተዉት። እሱ ቆጠራውን ይያዝልዎት።

ለግል ድርጅት የደመወዝ ወለል አለ ወይ ላልሽኝ፦ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋም አለ እንጂ ቁጥር አላስቀመጠም። ውልሽን በጽሑፍ ያዢ። ለቀረው ክፍለ ከተማሽ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቂ።

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፦ ላስተምራት ብዬ ከገጠር ያመጣኋት ልጅ አሁን 13 ዓመቷ ነው። ሕፃኑ ከፍ እስኪል ብዬ ሁለት ዓመት ትምህርት አልጀመረችም። ጎረቤቴ ወቀሰችኝ። አገሯ ልመልሳት?

እህቴ፣ ጎረቤትሽ እውነቷን ነው። እናንተ ቤት ያለችው ተማሪ ሳትሆን ሠራተኛ ናት። እዚያው ሰፈር ውሃ በጠፋ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ይዛ ደረጃ የምትወጣ ልጅ አይቻለሁ። በየፎቁ ታሳርፈዋለች፣ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ደግሞ ታነሳዋለች። እኩዮቿ ዩኒፎርም ለብሰው በአጠገቧ ይወርዳሉ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው። የቤት ሠራተኛ በዚያ አዋጅ አትሸፈንም፤ ለብቻው ደንብ ይወጣል ተብሎ ታልፏል። በርሽን የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ግን ልጅን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል፤ ያንቺ ቤትም ከዚያ አይወጣም።

አውቶቡስ ላይ ጭነሽ ግን አትመልሻት። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ሕፃናት የሰፉትን ልብስ ላለመግዛት ስትዝት የባንግላዴሽ ፋብሪካዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አባረሩ። ብዙዎቹ ድንጋይ ፈለጣና ጎዳና ላይ ወደቁ። በ1995 ነገሩ ተስተካከለ፤ ልጆቹ ከፋብሪካ ወጥተው ትምህርት ቤት እንዲገቡ፣ ቤተሰባቸውም የወር ድጎማ እንዲያገኝ ስምምነት ተፈረመ።

ስለዚህ አስመዝግቢያት፤ በማታ ሳይሆን በቀን። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባም አላቸው። ለሕፃኑ ሌላ አዋቂ ሰው ፈልጊ። ወረዳሽ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በዚህ ሳምንት ሂጂ፤ ይህን አደራ እልሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለእናቷ ደውዪላትና ስልኩን ስጫት። አንቺ ከክፍሉ ውጪ።