ገበያ የሌለው ከተማ አለ ወይ?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አገር የሚኖረው ወንድሜ ሉድሎ የተባለችውን ከተማ ጎብኝቶ «የገበያ ከተማ ናት» አለኝ። ገበያ የሌለው ከተማ አለ ወይ? በዚህ ስም ለይተው የሚጠሯት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን እንዳሉት ገበያ በየከተማው ይኖራል፤ ስሙ ግን የመጣው ከመብት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ገበያ የሚቆመው በንጉሥ ፈቃድ ወይም ከጥንት በጸና ልማድ ሲሆን፣ መብቱ ያለው ጌታ ከሻጮች ቀረጥ ስለሚሰበስብ በአጠገቡ ሌላ ገበያ እንዲቆምበት አይወድም ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ አንድ የሕግ መጽሐፍ በሁለት ገበያዎች መካከል ሊኖር የሚገባውን ርቀት ስድስት ማይል ከሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ወደ 11 ኪሎ ሜትር ያደርገዋል። ስሌቱ የእግረኛ ስሌት ነው፦ ሰው በቀን 20 ማይል ይሄዳል ተብሎ ቀኑ ሦስት ቦታ ሲከፈል፣ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመገበያያ፣ አንዱ ሳይመሽ ለመመለሻ ይሆናል።

ሉድሎ በሽሮፕሻየር፣ ከዌልስ ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ ከቲም ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዴ ላሲ የተባሉት፣ ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን ከያዙት ኖርማኖች ወገን የሆኑ ጌቶች ምሽጉን ሠሩ፤ ከተማይቱ በደጁ ተቆረቆረች፤ ያበለጸጋት ደግሞ የበግ ጠጉርና የሱፍ ጨርቅ ንግድ ነው። ከምሽጉ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው ሰፊ ጎዳና መላው ገበያ ነበር። ይሁንና ሻጮች ጠዋት ዘርግተው ማታ የሚያነሡት መደብ ውሎ አድሮ ጣሪያ አገኘ፤ ጣሪያው ግድግዳ፣ ግድግዳውም ፎቅ አስከተለ። ዛሬ ጎብኚው ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ የሚያልፍባቸው ጠባብ መንገዶች በመደብ ረድፎች መካከል የነበሩት መተላለፊያዎች ናቸው።

አስጎብኚዎች አብዝተው የሚያወሩት እ.ኤ.አ. በ1502 በምሽጉ ውስጥ ስለሞተው ስለ እንግሊዝ አልጋ ወራሽ ስለ ልዑል አርተር ነው፤ መበለቲቱን ካትሪንን ኋላ ወንድሙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ አግብቷታልና ወሬው አይጠላም። ለከተማይቱ ኑሮ ግን ይበልጥ የሚመዝነው ዌልስንና የድንበሩን አውራጃዎች ያስተዳድር የነበረው ምክር ቤት መቀመጫ መሆኗ ነው። ምክር ቤቱ ዳኞችንና ባለ ጉዳዮችን፣ ከእነርሱም ጋር የሚበላና የሚጠጣ ብዙ ሕዝብ ያመጣላት ነበር። በ1689 ሲሻር ምሽጉ ፈራረሰ፤ ከተማይቱ ግን አልተፈታችም፤ በዙሪያዋ ያሉ ባለ ርስቶች መኖሪያ አደረጓት። በብሮድ ጎዳና ላይ ፊታቸው የ18ኛው መቶ ዘመን የጡብ ሥራ የሆነ፣ ከበስተጀርባ ግን አሮጌው የእንጨት ቤት ያልተነካ ቤቶች አሉ፤ እኔን ከምሽጉ ይልቅ የሚማርከኝ ይህ ነው።

ገበያው አሁንም በምሽጉ ፊት ባለው አደባባይ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ይቆማል። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ በዚያ የተሠራው የቀይ ጡብ የገበያ አዳራሽ በ1986 ስለፈረሰ፣ ሻጮች እንደ ድሮው ከሰማይ በታች ይዘረጋሉ፤ ማታም ያነሣሉ።